ሁለቱ ጎራዴዎቻችን



ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ ኳስ ነው። ኳስ የማይወድ አንባቢ ገና ከአሁኑ «እነዚህ ልጆች ደግሞ ጀመራቸው» ብሎ ሊያልፈን ካሰበ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይታገሰን። ስለ ጎል ብዙም አናወራም። የምናወራው ጎል እንዳይገባ ሲታገል ስለኖረ ሰው ነው። እንዲያውም ስለ ሁለት ሰዎች። አንዱን መላው የኳስ አፍቃሪ ያውቀዋል፣ ሌላኛውን ከፎንቆ ውጭ የሚያውቀው የለም። ሁለቱም ግን አንድ ቅጽል ስም አላቸው፤ ጎራዴው።

ፎንቆን ለማታውቁ፣ ከሆሳዕና ወደ ወራቤ የሚወስደውን መንገድ ስትይዙ የምታገኟት፣ የአና ሌሞ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በአውቶቡስ የሚያልፍ ሰው አንድ ጊዜ ቢያስነጥስ ሳያያት ሊያልፍ ይችላል ብለን እኛው ልጆቿ እንቀልድባታለን፤ ሌላ ሰው ሲቀልድባት ግን አንወድም። ዙሪያዋን እንሰትና ስንዴ ነው። ያደግነው እዚያ ነው። ኳስ የተጫወትነውም እዚያ፣ ቤቶች ፊት ለፊት በተዘረጋው አረንጓዴ ሜዳ ላይ። ሽማግሌዎች ለሽምግልና የሚቀመጡበት፣ ሙሽራ የሚሸኝበት፣ ጥጃ የሚታሰርበት ያው ሜዳ ከሰዓት በኋላ የእኛ ስታዲየም ይሆናል። ጥጃው ሳይፈታ የተጀመረ ጨዋታም ነበር። ጥጃዋን እንደ ተከላካይ እየቆጠርን አልፈናታል።

ጊዜው 1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ኳሷ የካልሲ ናት፤ ከጨርቅና ከላስቲክ ተጠቅልላ በሲባጎ የታሰረች። ጫማችን ኮንጎ ነው፤ ኮንጎ የሌለው በባዶ እግሩ። ሁላችንም አጥቂ መሆን እንፈልጋለን። ቡድን ሲከፈል «እኔ በረኛ አልሆንም! እኔ ተከላካይ አልሆንም!» የሚለው ጭቅጭቅ ከጨዋታው ይረዝም ነበር። ከመካከላችን አንድ ልጅ ብቻ ነበር ሳይጠየቅ ሄዶ ኋላ የሚቆም። አብዶ አይችልም። ቀኝ እግሩ ኳስ ሲመታ ኳሷ ወዴት እንደምትሄድ እሱም እኛም አናውቅም። ሸርተቴ ሲወርድ ግን እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ! ኳስም እግርም ሣርም አብሮ ነው የሚነሣው።

ከሜዳው ጥግ፣ በረንዳው ላይ የሚሰፉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። መኪናቸው ላይ ሬዲዮ አስቀምጠው፣ አንድ ጆሮ ለዜና፣ አንድ ዓይን ለእኛ ሰጥተው ነው የሚውሉት። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ኖረዋል፤ ካምቦሎጆ ገብተው ጨዋታ አይተዋል። ይህም በፎንቆ ደረጃ ጨረቃ ላይ ደርሶ እንደመምጣት ነበር። አንድ ቀን ያ ጓደኛችን ከእሱ በሁለት ክንድ የሚበልጥ ጎረምሳ ሲጥል አይተው፣ መቀሳቸውን ከፍ አድርገው «አሥራት ጎራዴው! ይሄ ልጅ አሥራት ጎራዴው ነው!» ብለው ጮኹ። እኛ አሥራት ማን እንደሆነ አናውቅም። ጎራዴን ግን እናውቃለን። ስሙ እዚያው ተለጠፈ። እናቱ እንኳን አንዳንዴ «ያ ጎራዴያችሁ የት ሄደ?» ይሉን ነበር።

የመጀመሪያውን ጎራዴ ያወቅነው ቆይቶ ነው። ታኅሣሥ 1994 ዓ.ም. ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ 2001 ማብቂያ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ኪጋሊ ላይ ለሴካፋ ዋንጫ ይጫወታል። ልብስ ሰፊው ሬዲዮኑን ከፍ አድርገውልን በረንዳቸው ላይ ተደራረብን። ኢትዮጵያ ኬንያን በፍጻሜው 2 ለ 1 አሸንፋ ዋንጫውን አነሣች። ከ1980 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያው የሴካፋ ዋንጫችን ነበር። ያንን የ1980ውን፣ አዲስ አበባ ላይ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት ያሸነፍንበትን፣ ታላላቆቻችን የደምሴ ዳምጤን ድምፅ እያስመሰሉ ሲተርኩልን ነው ያደግነው። አሁን የእኛም ዋንጫ መጣ። ጩኸቱ በረድ ሲል ልብስ ሰፊው ወደ ጓደኛችን ዞረው «ሰማህ? አሰልጣኙ ማን እንደሆነ ሰማህ? ስምህን የሰጠህ ሰውዬ ነው» አሉት።

አሥራት ኃይሌ። ጋሽ አሥራት። በቅዱስ ጊዮርጊስና በብሔራዊ ቡድን በተከላካይነት ተጫውተው፣ «ጎራዴው» ተብለው፣ ኋላም ወደ አሰልጣኝነት የዞሩ። ቅዱስ ጊዮርጊስን በአሰልጣኝነት መርተው የሊግ ዋንጫ ያነሡ፣ ሌሎች የአዲስ አበባ ክለቦችንም ያሠለጠኑ፣ ብሔራዊ ቡድኑን ይዘው ኪጋሊ ሄደው ዋንጫ ይዘው የተመለሱ ሰው። ጓደኛችን ያን ዕለት አንድም ቃል አልተናገረም። ነገር ግን በማግስቱ ሜዳ ሲመጣ አረማመዱ ተቀይሮ ነበር። «ተከላካይ መሆን የማይችል ልጅ የሚጣልበት ቦታ ነው» ብለን እናምን ለነበርነው ልጆች ይህ ትልቅ ዜና ነው። ኋላ የሚቆመው ሰውዬ አንድ ቀን ሁሉንም ሊያዝዝ ይችላል!

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበልና አንድ ጥያቄ እንጠይቃችሁ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ የተባበረችውን ዓረብ ሪፐብሊክ፣ የዛሬዋን ግብፅን፣ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። ከዚያ ቡድን ማንን ታውቃላችሁ? መንግሥቱ ወርቁን። ሉቺያኖ ቫሳሎን። አሰልጣኙን ይድነቃቸው ተሰማን። በጣም ጥሩ። ከተከላካዮቹስ? ዝምታ። እኛም እንደናንተ ዝም ነው ያልነው። አጥቂ አሥር ጊዜ ስቶ አንዴ ካገባ ዘፈን ይወጣለታል። ተከላካይ አሥር ጊዜ አድኖ አንዴ ከሳተ ግን የሚታወሰው በዚያችው በአንዷ ነው። ቅጽል ስም ያገኘ ተከላካይ ዕድለኛ ነው። ያም ስም ብዙውን ጊዜ ከሚቆርጥ ወይም ከሚሰብር ዕቃ የተወሰደ ነው።

ደግሞ ፍትሐዊ እንሁን። የጋሽ አሥራት ዘመን ኳስ የዛሬው ኳስ አይደለም። ቢጫና ቀይ ካርድ ራሱ በዓለም ዋንጫ ላይ የታየው በ1970 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ላይ ነው። ከኋላ መጥቶ አደገኛ ሸርተቴ የሚወርድ ተጫዋች በቀጥታ በቀይ ይውጣ የሚለው ጥብቅ መመሪያ የመጣው ደግሞ ለ1998ቱ የፈረንሳይ ዓለም ዋንጫ ነው። ከዚያ በፊት ተከላካይ «ኳሷን ነክቻለሁ» ካለ ብዙ ነገር ይታለፍለት ነበር። በረኛውም ቢሆን እስከ 1992 እ.ኤ.አ. ድረስ ከጓደኛው እግር የተመለሰለትን ኳስ በእጁ ይይዝ ነበር። ማለትም ተከላካይ ኳስ ማቀበል ባይችልም ይኖራል፤ መምታትና መጣል ከቻለ በቂው ነው። ሥራው እንደዚያ ነበር፤ ሥራውን ጠንቅቆ የሠራ ሰው ጎራዴ ተባለ። ችግሩ እኛ ፎንቆ ላይ መመሪያውም ቀዩ ካርዱም ሳይደርሰን፣ ስሙ ብቻ ደረሰን።

ይኸውላችሁ፣ ወደሚከብደው መጣን።

ክረምት ነበር፤ ነሐሴ 1996 ዓ.ም.። ከጎረቤት ቀበሌ ልጆች ጋር ግጥሚያ ስለነበረን እርስ በርሳችን ተከፍለን ልምምድ እንሠራለን። ሜዳው ጭቃ ነው። በአንደኛው ወገን አጥቂያችን አለ። ስለ እሱ ምን እንበላችሁ? ጭቃ ላይም አብዶ የሚሠራ ልጅ ነበር። በእኛ ዓይን ለሆሳዕና ከዚያም ለአዲስ አበባ የተፈጠረ ልጅ። በሌላኛው ወገን ጎራዴው አለ። አጥቂያችን አንዱን አለፈ፣ ሁለተኛውን አለፈ፣ ጎራዴውንም አለፈ። እኛ ዳር የቆምነው «ጎራዴ! ጎራዴ! ጎራዴ!» እያልን ማጨብጨብ ጀመርን። እሱም ሰማን። ከኋላ ወረደ።

ድምፁን ዛሬም እንሰማዋለን። ደረቅ እንጨት በጉልበት ላይ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ነው። በጣም የሚያሳፍረን ግን ከዚያ ድምፅ በኋላ ለሁለት ለሦስት ሴኮንድ ማጨብጨባችንን አለማቆማችን ነው። ኳሷ ወደ ውጭ ወጥታ ስላየን «አዳነ!» ብለን ነበር።

ልጁን በቃሬዛ አይደለም፣ በጋቢ ነው የወሰድነው። ወጌሻ ተጠራ። ወጌሻው የሚችሉትን አደረጉ። ሆሳዕና ሆስፒታል የተወሰደው ዘግይቶ ነው። አጥንቱ ገጠመ፤ ግን እንደነበረው አልሆነም። አጥቂያችን ከዚያ በኋላ ሲራመድ በግራ ትከሻው ትንሽ ዘንበል ይላል። ኳስ ዳግም አልተጫወተም።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ በዚያው ሜዳ ላይ። የጎራዴው አባት ልጃቸውን ይዘው መጥተው ይቅርታ ጠየቁ። የአጥቂያችን አባት «ልጆች ናቸው፣ ጨዋታ ነው» ብለው ተቀበሉ፤ አብረው ተበላ፣ ነገሩ በሽማግሌ ተዘጋ። ጎራዴው ግን ለብዙ ወራት በየቀኑ እነዚያ ሰዎች ቤት ሄዶ ውኃ ይቀዳ፣ እንጨት ይፈልጥ ነበር። ማንም አላዘዘውም። ኳስ ሜዳ ሲደርስ በሌላ መንገድ ይዞራል። እኛስ? እኛን ማንም ሽማግሌ ፊት አላቆመንም። ያጨበጨበ ሰው ምን ተብሎ ይከሰሳል? በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ልጅ ተከላካይ አድርገን ጨዋታችንን ቀጠልን።

ዓመታት አለፉ። እናንተም እንደምታውቁት የሀዲያና የከምባታ ልጅ ሁለት መንገድ አለው ይባላል፤ አንደኛው ወደ ትምህርት፣ ሁለተኛው ወደ ደቡብ አፍሪካ። እኛ በመጀመሪያው ሄድን፤ አዲስ አበባ ገባን፣ ይኸው መጻፍ ጀመርን። አጥቂያችን በሁለተኛው ሄደ፤ በስንት ድንበር፣ በስንት ወር፣ ዘንበል በሚለው እግሩ። ጎራዴው ሦስተኛውን መንገድ መረጠ፤ እዚያው ቀረ። ወፍጮ ቤት ይሠራል። አንድ ቀን ለበዓል ሄደን «ኳስ ማሠልጠን ጀምሯል እኮ፣ ሕፃናት ሰብስቦ» ሲሉን ሳቅን። ምን ሊያስተምራቸው? እግር መስበር?

ስንስቅ ግን አንድ ነገር ረስተን ነበር። በኳስ ዓለም እንዲህ ያለ ሰው አሰልጣኝ ሆኖ መገኘቱ ብርቅ አይደለም። ሪጎበርት ሶንግን ውሰዱ። በ1994ቱ የዓለም ዋንጫ ገና 17 ዓመቱ ሳለ ከብራዚል ጋር ሲጫወት በቀይ ወጣ። በ1998ም ከቺሊ ጋር ሲጫወት በድጋሚ በቀይ ወጣ፤ በሁለት የዓለም ዋንጫዎች ቀይ ካርድ ያየ የመጀመሪያው ተጫዋች ሆነ። ያው ሰው ካሜሩንን በአምበልነት መርቶ በ2000 እና በ2002 የአፍሪካን ዋንጫ አነሣ። በ2022 ደግሞ አሰልጣኝ ሆኖ ካሜሩንን ወደ ኳታር ወሰደ፤ ብራዚልንም 1 ለ 0 አሸነፈ። በቀይ ካስወጡት ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ ማለት ነው።

አሊዩ ሲሴም አለ፤ ከተከላካዮች ፊት ቆሞ ይሰብር የነበረው ሴኔጋላዊ። በ2002ቱ የባማኮ ፍጻሜ፣ በዚያው በሶንግ ካሜሩን ላይ፣ አምበል ሆኖ የመጨረሻዋን ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። ሶንግም በዚያው ቀን ስቷል፤ ግን የእሱ ቡድን ስላሸነፈ ማንም አያስታውስበትም። ሲሴ በ2015 የሀገሩ አሰልጣኝ ሆነ፣ በ2019 በፍጻሜው በአልጄሪያ ተሸነፈ፣ በየካቲት 2022 ያውንዴ ላይ ግብፅን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፎ ለሴኔጋል የመጀመሪያውን የአፍሪካ ዋንጫ አመጣ። የመጨረሻዋን የመታው ሳዲዮ ማኔ ነው፤ ያውም በዚያው ጨዋታ መጀመሪያ ላይ አንድ ፍጹም ቅጣት ምት ስቶ የነበረው ማኔ። እንዲያ የሳተን ልጅ ለመጨረሻዋ ማቆየት፣ እሱ ራሱ ስቶ ለሃያ ዓመት የኖረ ሰው የሚገባው ነገር ይመስለናል።

ለምን ይሆን ተከላካይ አሰልጣኝ የሚሆነው? እኛ የገባንን እንንገራችሁ። አጥቂ ፊቱን ወደ ጎል፣ ጀርባውን ወደ ጓደኞቹ አድርጎ ነው የሚኖረው። ተከላካይ ሜዳውን ሙሉ ከፊቱ ያየዋል። ማን እንደደከመ፣ ማን ቦታውን እንደለቀቀ፣ አደጋው ከየት እንደሚመጣ ቀድሞ ያያል። «ግራህን!» «ተመለስ!» «ያዘው!» እያለ ሲጮህ ነው ዘጠና ደቂቃ የሚያልቅበት። የሌላው ስሕተት መጨረሻ የሚደርሰው እሱ ጋ ነው፤ አማካዩ ኳስ ቢያስነጥቅ የሚጠየቀው እሱ ነው። እንግዲህ የሰውን ስሕተት ተሸክሞ መዋል የአሰልጣኝ ሥራ ካልሆነ ምንድን ነው? አሰልጣኝ ላይ የሚጨመረው አንድ መከራ ብቻ ነው፤ ከመስመር ዳር ቆሞ ሲያይ፣ የሚመጣውን አደጋ ቀድሞ እያወቀው፣ ሸርተቴ መውረድ አይችልም። ዕድሜውን ሙሉ በእግሩ ሲያድን የኖረ ሰው በአፉ ብቻ እንዲያድን ይፈረድበታል።

ሁሉም ጠንካራ ተከላካይ ጥሩ አሰልጣኝ ይሆናል እያልን አይደለም። ጥንካሬን ብቻ ይዞ መጥቶ ልጆችን በስድብና በካልቾ የሚያሠለጥን ሞልቷል። የሀገራችን ሜዳዎች ምስክር ናቸው። ልዩነቱ ምን ላይ እንደሆነ ግን የተረዳነው ከአንድ የስልክ ጥሪ በኋላ ነው።

ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.። ቀኑን ልብ በሉልን፤ የአፍሪካን ዋንጫ ከወሰድን ልክ በ51 ዓመቱ፣ በዚያችው ዕለት፣ ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳ ደቡብ አፍሪካ ኔልስፕሪት ላይ ከዛምቢያ ጋር ገጠመች። ዛምቢያ የወቅቱ ሻምፒዮን ናት። ሳላዲን ሰዒድ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፤ በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ወጣ፤ ዛምቢያ አገባች። በአሥር ሰው ቀረን። ከዚያ አዳነ ግርማ አገባና 1 ለ 1 ተለያየን። ስታዲየሙ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ነበር። አዲስ አበባ ዲኤስቲቪ ቤት ተጨናንቀን ስናይ፣ ካሜራው ደጋፊዎቹን ባሳየ ቁጥር የፎንቆና የሆሳዕና ልጅ እንፈልጋለን። አምበሉ ደጉ ደበበ፣ ተከላካይ፣ በአሥር ሰው የቀረውን ቡድን እየጮኸ ሲያሰልፍ ሲታይ አንዳችን «ጎራዴውን አስታወሰኝ» አለ። ሌሎቻችን ዝም አልን።

በሚቀጥለው ቀን ስልክ ተደወለ። አጥቂያችን ነው! ለስንት ዓመት ያልደወለ ልጅ። ሱቁን ዘግቶ ከጆሃንስበርግ ኔልስፕሪት ድረስ ሄዶ ጨዋታውን አይቷል። ድምፁ ጮኾ ጮኾ ዘግቷል። ስለ ሳላዲን፣ ስለ አዳነ አወራን፤ በሀዲይሳም በአማርኛም ተቀላቅሎ። ከዚያ ድንገት «ጎራዴው እንዴት ነው?» አለ።

«ደኅና ነው። ፎንቆ ነው። አሠልጣኝ ሆኗል፤ ሕፃናት ያሠለጥናል።»

ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መሰለን። ከዚያ «ምን ያስተምራቸዋል?» አለ።

ይህችን ጥያቄ እኛ እየሳቅን ጠይቀናት ነበር። እሱ ግን አልሳቀም። ደግሞም መልስ አልነበረንም። ለበዓል ስንት ጊዜ ስንመላለስ አንድ ቀን እንኳን ሄደን ሲያሠለጥን አላየንም። ከእሱ ይልቅ እኛ ነበርን ያንን ሜዳ የምንሸሸው። «አይተን እንነግርሃለን» አልነው። ኢትዮጵያ ከዚያ በቡርኪናፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፋ ወጣች። የእኛ ቃል ግን ቀረ።

የሄድነው በመስከረም 2006 ዓ.ም.፣ በያሆዴ ሰሞን ነው። ያሆዴ የሀዲያ ዘመን መለወጫ ነው፤ ሁሉም ወደ ቤቱ የሚገባበት፣ ቅቤው የሚነጠርበት፣ አተካናው የሚቀርብበት። ጠግበን፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሰን፣ እንደ ትልቅ ሰው እጃችንን ወደ ኋላ አድርገን ሜዳ ወጣን። ያው ሜዳ ነው። ሃያ የሚሆኑ ሕፃናት። አንገቱ ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለ ወፍራም ሰውዬ መካከል ላይ አለ። ሰላም ብሎን ሥራውን ቀጠለ።

የሚያስተምራቸውን አየን። ሁለት ሁለት ልጅ ያቆማል፤ አንዱ አጥቂ፣ አንዱ ተከላካይ። ለተከላካዩ «አትውረድ፤ ቁም» ይለዋል። «ጎንህን ስጠው። ኳሷን እንጂ ዓይኑን አትይ። ወደ ዳር ሸኘው። መስመሩ ጓደኛህ ነው፤ እሱን አንተ ባትነካውም መስመሩ ያስቆመዋል። የወረደ ተከላካይ ተሸንፏል፤ መሬት ላይ ተኝቶ ሰው የሚያድን የለም።» ደጋግሞ፣ ደጋግሞ። ሲቆጣ አይሳደብም። የሚቆጣው ግን ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከኋላ ስለመጣ ልጅ።

ከዚያ ግጥሚያ ተጀመረ። ዝናብ ጥሎ ስለነበር ሜዳው ይንሸራተታል። አንድ ዘጠኝ ዓመት የሚሆነው ቀጫጫ ልጅ ሁለቱን አልፎ ወደ ጎል ገሰገሰ። አንድ ድንቡሽቡሽ ያለ ተከላካይ ከኋላው ሮጦ ሸርተቴ ወረደ። ኳሷ ወደ ውጭ ወጣች። ልጁም ወደቀ። እኛም እንደ ድሮው፣ አፋችን እንዴት እንደተከፈተ ሳናውቀው «እሰይ! ጎራዴ!» ብለን አጨበጨብን።

ፊሽካው ጮኸ። ጎራዴው ሮጦ ወደወደቀው ልጅ ሄደ፤ ጎንበስ ብሎ እግሩን ከቁርጭምጭሚቱ እስከ ጉልበቱ በጣቱ እየጫነ ዳሰሰው። ልጁ ምንም አልሆነም፤ ተነሥቶ ጭቃውን አራገፈ። ተከላካዩ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ቁጣ ይጠብቃል። ጎራዴው ራሱን ዳበስ አድርጎት አለፈና ወደ እኛ መጣ። በነጭ ሸሚዛችን የቆምነውን ሰዎች አንድ በአንድ አየን።

«እባካችሁ» አለ፣ ዝግ ብሎ። «እሱ ገና ልጅ ነው። ስታጨበጭቡለት ይሰማችኋል።»

ከዚያ ተመልሶ ጨዋታውን አስጀመረ።

ያን ቀን ማታ ለአጥቂያችን ደወልንለት። ያየነውን ሁሉ ነገርነው፤ ስለ «ቁም፣ አትውረድ»፣ ስለ መስመሩ፣ ስለ ፊሽካው። ስለ ማጨብጨባችንም ነገርነው፤ ስለ አሁኑም፣ ስለ ያኔውም። ያኔ ዳር ቆመን ስሙን ስንጠራ እንደነበር ያውቅ እንደሆነ ጠየቅነው። «ሰምቻችሁ ነበር እኮ» አለ። ሌላ ምንም አላለም። እኛም አልጨመርንም። ጥቂት ቆይቶ የጎራዴውን ስልክ ቁጥር ጠየቀን። ሰጠነው።

ምን እንደተባባሉ አናውቅም፤ ጠይቀንም አናውቅ። የምናውቀው በዚያው ዓመት ለገና ከጆሃንስበርግ በመጣ ሰው እጅ ሦስት እውነተኛ ኳሶች ፎንቆ መድረሳቸውን ነው።

ዛሬ ሀዲያ ሆሳዕና የሚባል ክለብ አለን። በ2008 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ ገብቶ በዚያው ዓመት ወረደ፤ በ2012 ተመልሶ ገባ። ሆሳዕና አብዮ ኤርሳሞ ስታዲየም ገብተን ስንደግፈው ልባችን ነው የሚቆረጠው። ከፎንቆው ሜዳ እስከ ዛሬ ለዚያ ማልያ የበቃ ልጅ የለም። ጎራዴው ግን ይህ ብዙም የሚያስጨንቀው አይመስልም። ባለፈው ስንገናኝ ስለ ውጤቱ ጠየቅነውና ጣቱን እየቆጠረ ቡድኑ ስንት ጨዋታ እንዳሸነፈ ሊነግረን ሞከረ፤ ጠፋበት። «ብቻ እስካሁን ማንም አልተሰበረም» አለን።

ልብስ ሰፊው አርጅተዋል። በረንዳቸው ላይ ሬዲዮ የለም፤ የልጅ ልጃቸው ስልክ ነው የሚያወራው። አሁንም አንድ ዓይናቸው ሜዳው ላይ ነው። አንድ ሕፃን ጥሩ አድርጎ ኳስ ሲያስጥል መቀሳቸውን ከፍ አድርገው አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ከዚያ ወደ ጎራዴው ያያሉና መልሰው ይዘጉታል።

እኛም ዳር ስንቆም እጃችንን ኪሳችን ውስጥ እናስገባለን። ልጁ ኳሷን ከነጠቀ በኋላ፣ ሁለቱም ልጆች ቆመው ካየን ብቻ ነው የምናወጣው።

ሰላም ያሰንብተን።